የመጋቢው ልጅ ለምን ተደብቃ ትጨፍራለች?



በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ወልቂጤ ቤታችን ቡና እያፈላሁ ሳለ አንዲት ጎረቤቴ ብቅ አለችና፣ «ልጅሽ እኮ ጉራጌኛውን ታስነካዋለች! ማን አስተማራት?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ለመሳቅ ሞከርኩ፤ የምቀዳው ቡና ግን ከሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ልጃችን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ መጋቢ ነው። «ጥናት አለን» እያለች ለሦስት ሳምንታት ጓደኛዋ ቤት የምትመላለሰው ትምህርት ቤታቸው ኅዳር 29 ለሚያከብረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ጭፈራ ልትለማመድ ኖሯል።

ከጭፈራው ይልቅ ያቃጠለኝ ውሸቱ ነበር። በልጅነቷ የሰበረችውን ብርጭቆ ስብርባሪ ሳይቀር ይዛ መጥታ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» የምትል ልጅ ነበረች። መደበቅ የጀመረችው መቼ ነው? ደግሞስ የምትደበቀው ከማን ነው?

ለባለቤቴ ወዲያው አልነገርኩትም። የአገልጋይ ሚስቶች ይህን ታውቁታላችሁ፤ የእሁዱ ስብከት እስኪያልፍ የቤታችንን ጉዳይ በሆዳችን ይዘን እንቆያለን። በዚያው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣች። በፍላሽ ፊልሞች ይዛ ነበር። አንዱን እያሳየችኝ፣ «አክስቴ፣ ይሄኛው እኮ ስለ መጋቢ ልጅ ነው፤ ጭፈራ የተከለከለበት ከተማ ነው» አለችኝ። ፊልሙ «ፉትሉስ» ይባላል። እኔም «እንግዲያውስ ሁላችንም አብረን እናየዋለን» አልኩ፤ አባትየውንም ከመጻሕፍቱ መካከል ጠርቼ አስቀመጥኩት። ዛሬ ስለዚህ ፊልም ጠንካራና ደካማ ጎን፣ በእኛም ቤት ስላስነሣው ነገር ላጫውታችሁ።

ታሪኩ ባጭሩ

ፊልሙ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1984 ኸርበርት ሮስ ያዘጋጀው ሲሆን ኬቨን ቤከን፣ ሎሪ ሲንገር፣ ጆን ሊትጎውና ዳያን ዊስት ተጫውተውበታል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2011 በክሬግ ብሩወር የተዘጋጀው ነው፤ የመጋቢውን ቦታ ዴኒስ ኩዌድ፣ የሚስታቸውን ደግሞ አንዲ ማክዳውል ወስደዋል። እኛ ያየነው አዲሱን ነው፤ የቀድሞውን እኔ በኋላ ፈልጌ አየሁት።

የሐሳቡ መነሻ እውነተኛ ነው። በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ኤልሞር ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ጭፈራን የሚከለክል ከ80 ዓመት በላይ የቆየ ደንብ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1980 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የትምህርት ዓመት መዝጊያ ግብዣቸውን በጭፈራ እንዲያከብሩ ጠየቁ፤ ከብዙ ክርክር በኋላም ተፈቀደላቸው። የፊልሙ ጸሐፊ ዲን ፒችፎርድ ድርሰቱን የጻፈው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ከተማዋ ቦሞንት ትባላለች። የመጋቢ ሻው ሙር ልጅ ቦቢ ከጓደኞቹ ጋር ከጭፈራ ሲመለስ በመኪና አደጋ ይሞታል። ያዘኑት መጋቢ የከተማው ምክር ቤት አባልም ናቸውና ምክር ቤቱ የወጣቶችን ጭፈራ የሚከለክል ደንብ ያወጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሬን የሚባል ወጣት ከትልቅ ከተማ ይመጣል። በአዲሱ ፊልም ሬን እናቱን በደም ካንሰር ያጣ ልጅ ነው፤ የሚኖረውም ከአጎቱ ጋር ነው። ይህ ወጣት ደንቡ እንዲነሣ ይታገላል፤ ከመጋቢው ሴት ልጅ ከኤሪየል ጋርም ይዋደዳል። ኤሪየል በቤት ውስጥ የመጋቢ ልጅ ናት፤ ከቤት ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ናት። ቻክ ከሚባል ባለጌ ጎረምሳ ጋር ትውላለች፣ በሚከንፍ ባቡር ፊት ሐዲድ ላይ እስከ መቆም ትደርሳለች። ወንድሟን የቀበረች ልጅ ናት፤ ኀዘኗን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ጠንካራ ጎኖቹ

አንደኛ፣ መጋቢውን ጭራቅ አድርጎ አልሳላቸውም። አገልጋይ የሚታይባቸው ብዙ ፊልሞች ግብዝ ወይም ሞኝ ያደርጉታል። መጋቢ ሙር ግን መንጋቸውን የሚወዱ፣ ልጃቸውን ያጡ፣ ሌላ ወላጅ እንደ እሳቸው እንዳያለቅስ የፈሩ አባት ናቸው። ክልከላቸው የፈለቀው ከክፋት ሳይሆን ካልተወራ ኀዘን ነው። ባለቤቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አደረገ።

ሁለተኛ፣ የመጋቢው ሚስት ትናገራለች። ቪ ለዓመታት ዝም ብለው ከባላቸው ኋላ የቆሙ ሴት ናቸው። በቀድሞው ፊልም ግን ቀኑ ሲደርስ ለብቻቸው ሆነው፣ ጉባኤን በስብከት ማንሣት እንደሚችሉበት፣ ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገሩ ላይ ግን እንደሚቀራቸው ይነግሯቸዋል። እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ራሴን አየሁ። አክብሮት ማለት ዝምታ ብቻ አይደለም። ባልሽ የማያየውን የምታዪ ከሆነ፣ ልጆችና ምእመናን በሌሉበት፣ በጸሎትና በለሰለሰ ቃል መንገር የረዳትነትሽ ድርሻ ነው።

ሦስተኛ፣ ወጣቱ ሽማግሌዎችን አይሳደብም። ሬን መጋቢውን በቤተ ክርስቲያን ሄዶ ያነጋግራቸዋል፤ ስለ እናቱ ሞት ይነግራቸዋል፤ ልጃቸውን ወደ ግብዣው ይዞ ለመሄድ በአክብሮት ፈቃድ ይጠይቃቸዋል። እኛስ ልጆቻችን በበር ገብተው እንዲጠይቁን በሩን ከፍተንላቸዋል ወይስ በአጥር እንዲዘሉ አድርገናቸዋል?

አራተኛ፣ በቀድሞው ፊልም የከተማው ሰዎች ይጎዳሉ ያሏቸውን መጻሕፍት ሰብስበው ሲያቃጥሉ መጋቢው ደርሰው ያስቆሟቸዋል። የራሳቸው ትምህርት በሌሎች እጅ ወዴት እንዳደገ በእሳቱ ብርሃን ያያሉ። አንድ ክልከላ ከተተከለ በኋላ ሌላ እንደሚወልድ የምናውቅ ሁሉ ይህ ትዕይንት ያስደነግጠናል።

ደካማ ጎኖቹ

እንግዲህ ፊልሙ ጥሩ ነገር አለው ማለት ልጆቻችሁን ፊቱ አስቀምጣችሁ ገበያ ሂዱ ማለት አይደለም። ከባድ ድካሞች አሉት።

ትልቁ የዝሙት ነገር ነው። ኤሪየል ድንግል አለመሆኗን ለአባቷ የምትነግረው በጭቅጭቅ መካከል፣ እሳቸውን ለማቁሰል ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ጉዳዩን ዘልሎት ይሄዳል። ንስሐ የለም፣ ምክር የለም፣ የሚያቅፋትና «ጌታ ያድስሻል» የሚላት የለም። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ዋጋ ብዙ ጊዜ ብቻዋን የምትከፍለው ሴቷ ናት፤ ትምህርቷን አቋርጣ፣ ከቤተ ዘመድ ተሸሽጋ። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን (1ኛ ቆሮ. 6፥19-20) ይህ ፊልም አያውቅም።

ሁለተኛው የእግዚአብሔር ቃል አጠቃቀሙ ነው። ሬን በምክር ቤቱ ፊት መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ መዝሙር 149ን፣ መክብብ 3ን፣ የዳዊትንም ዝላይ ይጠቅሳል። ወጣቶቻችን ይህን ሲያዩ ያጨበጭባሉ። እኔ ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርኩት ጥቅስ ከጎረቤቱ ጋር እንዲነበብ ነው። ዳዊት የዘለለው በታቦቱ ፊት፣ ለእግዚአብሔር ነበር (2ኛ ሳሙ. 6፥14)። መዝሙር 149 የቅዱሳን ምስጋና ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ማርያምን ከበሮ ይዛ ከሴቶች ጋር ስትዘፍን ያሳየናል (ዘጸ. 15፥20)፤ ሕዝቡንም በጥጃው ፊት ሲዘፍን ያሳየናል (ዘጸ. 32፥19)። በሄሮድስ ግብዣ ላይ የአንዲት ልጅ ዘፈን የዮሐንስን አንገት አስቈረጠ (ማር. 6፥22-28)፤ የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜ ግን ከአባቱ ቤት የዘፈን ድምፅ ተሰማ፤ በውጭ የቀረው ታላቅ ወንድሙ ነበር (ሉቃ. 15፥25-28)። ስለዚህ ቃሉን ይዞ «ጭፈራ ሁሉ ቅዱስ ነው» ማለትም «ጭፈራ ሁሉ የሰይጣን ነው» ማለትም አይቻልም። ለማን? በማን ፊት? ወደ ምን ይወስዳል? ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ሦስተኛ፣ በአዲሱ ፊልም ካሜራው በወጣት ሴቶች ገላ ላይ ይቆያል፤ ጭፈራውም አንዳንድ ቦታ ምኞትን የሚቀሰቅስ ነው። መጠጥና ስድብ አለበት። በመጨረሻም ክፉዎቹ የሚሸነፉት በቡጢ ነው። በአሜሪካ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጆች እንዲጠነቀቁ ምልክት የተደረገበት ፊልም ነው።

አራተኛውና ለእኔ ያሳዘነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ሞልታ ወንጌል የለም። የመጋቢው ቁስል የሚሽረው በመስቀሉ ሥር አይደለም። ለፊልሙ ሰዎች ነጻነት ማለት ደንቡ መነሣቱ ነው። እኛ ግን ደንቡ ተነሥቶም ልብ ታስሮ ሊቀር እንደሚችል እናውቃለን።

የእኛ «አይሆንም» ከየት መጣ?

አንድ ነገር ለወጣት አንባቢዎቼ ልንገራችሁ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ጭፈራን ሲጠሉ ደስታን ጠልተው አይደለም። በደርግ ዘመን የቀበሌ ስብሰባ በእሁድ ጠዋት፣ ልክ በአምልኮ ሰዓት ይጠራ ነበር። ወጣቶች ወደ ኪነት ቡድን ይመለመሉ ነበር። መፈክር አላሰማም፣ በኪነቱ አልገባም ያለ አማኝ ታስሯል፣ ተደብድቧል። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ መሪዎቿ ለዓመታት ታስረዋል። ለዚያ ትውልድ «አልጨፍርም» ማለት «ጌታዬ ኢየሱስ ነው» ማለት ነበር። ይህን ዋጋ ማቃለል አይገባንም።

ችግሩ ዋጋ የተከፈለበትን ምክንያት ትተን ክልከላውን ብቻ ለልጆቻችን ማውረሳችን ነው። ልጆቻችን በእሁድ ጉባኤ ሽብሸባና እልልታ ያያሉ፤ በጉራጌኛ ምት የተዘመረ መዝሙር ሲመጣ ሽማግሌው ሳይቀር ከወንበሩ ሲነሣ ያያሉ። ለመስቀል አገር ቤት ስንሄድ የዘመድ አዝማድ ጭፈራ ያያሉ። ከዚያ «አይሆንም» እንላቸዋለን። «ለምን?» ሲሉ ደግሞ «የመጋቢ ልጅ ነሽ» እንላለን። ይህ መልስ አይደለም። ሐዋርያው አትንካ አትቅመስ የሚል ሥርዓት ብቻውን የሥጋን ፈቃድ ለመግታት እንደማይጠቅም ጽፎልናል (ቈላ. 2፥20-23)።

መብራት የጠፋ ጊዜ

ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። በአዲሱ ፊልም መጋቢው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጃቸውን በጥፊ የሚመቱበት ቦታ አለ። ልክ እዚያ ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ! እንደ ልማዳችን «ኧረ!» ያለ ሰው እንኳ አልነበረም። ሻማ ፍለጋ ልነሣ ስል በጨለማው ውስጥ የልጄ ድምፅ ተሰማ፦ «አባዬ፣ አንተ ጨፍረህ ታውቃለህ?»

እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከሃያ ዓመት በላይ አብሬው ኖሬያለሁ። እሱ ግን ለልጆቹ ተናግሮት አያውቅም። ዝም ብሎ ቆየና፣ «አዎን» አለ። «ቡታጅራ፣ አንቺን በማክልበት ዕድሜ፣ የቀበሌው ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ጉራጌኛው ሲመታ ከፊት የምቆመው እኔ ነበርኩ።» ልጆቹ በጨለማው ውስጥ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ቀጥሎም ይህን ነገራቸው። በዚያ ቡድን ውስጥ አንድ የቅርብ ጓደኛ ነበረው፤ አንዲት ጎበዝ ተማሪም ነበረች። ከትርኢት በኋላ በሚመሹባቸው ሌሊቶች ሁለቱ ተዋወቁ። ደብዳቤያቸውን የሚያመላልሰው ባለቤቴ ነበር። ልጅቷ ስታረግዝ ጓደኛው ከከተማው ጠፋ። እሷም ከትምህርት ቤት ቀረች። «ጌታን ካገኘሁ በኋላ ኃጢአቴ ሁሉ እንደ ተሰረየልኝ አምናለሁ» አለ፤ «ግን ከበሮ በሰማሁ ቁጥር የማየው የዚያችን ልጅ ፊት ነው። አንቺን የከለከልኩሽ ጭፈራውን ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ የራሴን ነገር ፈርቼ ነው። ምክንያቱን ሳልነግርሽ ሕግ ብቻ ሰጠሁሽ። ይቅር በይኝ።»

ሻማው ሲበራ ልጃችን እያለቀሰች ነበር። እኔ አንድም ቃል ሳልናገር የሦስቱን ሳምንት ነገር ራሷ ተናገረች። አባቷ ውሸቱን አላቃለለላትም፤ «ውሸት በዚህ ቤት ውስጥ ግድግዳ ይሠራል፤ ግድግዳውን ሁለታችንም ሠርተነዋል፣ ሁለታችንም እናፍርሰው» አላት። በማግስቱም ስሟን ለጥናት ያዋለችባትን የጓደኛዋን እናት ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች።

ስለ በዓሉ ለብዙ ቀናት ጸለይን፣ ተነጋገርን። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ልምምዱ በቀን፣ በእኛ ግቢ ይሆናል፤ ልብሱን እኔ አየዋለሁ፤ ከበዓሉ በኋላ ማታ ወደሚደረግ ዝግጅት አትሄድም። ይህ በየቤቱ መደገም ያለበት ሕግ ነው አልልም። «የመጋቢ ልጅ በአደባባይ ትጨፍር?» ብለው ቤታችን ድረስ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤቴ፣ «ለቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አላወጣሁም፤ ለልጄ ግን አባት መሆን አለብኝ» አላቸው። አልተስማሙም። እስካሁንም ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ስለ እሳቸውም እንጸልያለን።

ለባለትዳሮች

ከዚህ ፊልም ያተረፍኩትን በሦስት ነገር ላጠቃልለው።

በመጀመሪያ፣ ለልጆቻችሁ ከከለከላችኋቸው ነገሮች አንዱን ምረጡና ባልና ሚስት ሆናችሁ «ይህን የከለከልነው ለምንድን ነው?» ተባባሉ። መልሱ የእግዚአብሔር ቃል ከሆነ ቃሉን አሳዩአቸው። መልሱ የራሳችሁ ቁስል ከሆነ፣ ዕድሜያቸው በሚችለው መጠን ቁስሉን አሳዩአቸው። ልጅ የአባቱን ሕግ ሊጥስ ይችላል፤ የአባቱን እንባ ግን በቀላሉ አይረግጥም። አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ፣ በጌታ ምክር እንዲያሳድጉ የታዘዙት ለዚህ ይመስለኛል (ኤፌ. 6፥4)።

ሁለተኛ፣ ፊልም ልጆቻችሁ በስልካቸው ተደብቀው ከሚያዩት አብራችሁ እዩት። ይህን ፊልም ካያችሁ፣ ኤሪየል ኀዘኗን ለማን መናገር ትችል ነበር? መጋቢው ከጥፊው በፊት ምን ማለት ነበረባቸው? ሬን የጠቀሳቸው ጥቅሶች ከበላያቸውና ከበታቻቸው ምን ይላሉ? ብላችሁ ተጠያየቁ። ለትንንሾቹ ግን አይሆንም፤ አስተኟቸው።

ሦስተኛ፣ እናንተ ራሳችሁ እርስ በርሳችሁ አትረሳሱ። በቀድሞው ፊልም መጨረሻ ተማሪዎቹ ከከተማው ወሰን ውጭ ባለ ወፍጮ ቤት ሲጨፍሩ፣ መጋቢውና ሚስታቸው በውጭ በጨለማው ቆመው ያዳምጣሉ፤ ከዚያም ከብዙ ዓመት በኋላ ሁለቱ ተቃቅፈው ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። ልጃቸውን ከቀበሩ ጀምሮ አንድ ቤት ውስጥ ለየብቻ ያለቀሱ ባልና ሚስት ናቸው። አገልግሎት፣ ኀዘን፣ የኑሮ ሩጫ ስንቶቻችንን በአንድ ጣሪያ ሥር አለያይቶናል?

ኅዳር 29 ቀን ረፋዱ ላይ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተገኘን። ልጃችን ከእኩዮቿ ጋር ወጣች፤ ከበሮው ተመታ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ባለቤቴ ከኋላ ከአጥሩ ጥግ ነበር የቆመው። ፊቱን አየሁት፤ ያችን የቡታጅራ ልጅ እያሰበ እንደሆነ ገባኝና እጁን ያዝኩት። ትንሽ ቆይቼ ወደ ታች ሳይ የቀኝ እግሩ ምቱን እየጠበቀ አቧራውን ይመታል። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል?» አለኝ ኮስተር ብሎ።

«ምንም» አልኩት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ ልጆቻችሁ የሚደበቁበት ሳይሆን የሚሸሸጉበት ቤት ያድርግላችሁ። አሜን።